የዘር ብድር

ለመመረቂያ ጥናት ብለን ከገበሬ እጅ የምንወስደው አንድ እፍኝ ዘር ምንድን ነው? ስጦታ ነው? ናሙና ነው? ወይስ ብድር?

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። አንድ እፍኝ ማሽላ ሰጪውን አያደኸይም፣ ተቀባዩንም አያበለጽግም። ተማሪው ቢበዛ ቢበዛ «ኤ» ያገኝበታል። ግን ትንሽ ነው ብለን ስናልፈው አብረን የምናልፋቸው ሌሎች ጥያቄዎች አሉ። ማን አወቀ ይባላል? ማን አገኘ ይባላል? ሁልጊዜ የሚጠየቀው ማን ነው፣ መልሱንስ የሚሰማው ማን ነው? ባዮቴክኖሎጂና ባዮሎጂካል ኢንጂነሪንግ፣ ማለትም ሕይወት ያለውን ነገር እንደ መሐንዲስ መርምሮና አስተካክሎ ለሰው ጥቅም ማዋል፣ ዛሬ ወጣቶች በየዩኒቨርሲቲው የሚማሩት ሙያ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የፕሮፌሰሮች ብቻ አይደለም። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪም አለበት፤ እንዲያውም ልማዱ የሚጀመረው እዚያ ነው።

ይህ ሙያ ከሌላው ምህንድስና የሚለይበትን ነገር ልብ በሉ። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ሲሚንቶውን ከፋብሪካ ይገዛል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፣ ሂሳቡ እዚያው ይዘጋል። ሕይወት ባለው ነገር ላይ የሚሠራ ሰው ግን ዕቃውን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰው ማሳ፣ ከአንዲት እናት ጓሮ፣ ከአንድ ቤት ጎተራ ነው። ያ ዕቃ ደግሞ ጥሬ አይደለም። የሐረርጌ ማሽላ ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው፣ ለብዙ ትውልድ በየመኸሩ ማሳው ውስጥ እየዞረ «ይሄ ራስ ለዘር ይቀመጥ፣ ይሄ ይበላ» እያለ የመረጠ ሰው ስለነበረ ነው። ድርቅ የቻለውን፣ ወፍ ያልደፈረውን፣ አገዳው ለከብት የሚጣፍጠውን እየለየ አስቀርቷል። ላብ አልነበረውም፤ ሙከራ ግን ነበረው። የተሳሳተ ምርጫ የሚያስከፍለው ዋጋም ከ«ኤፍ» በጣም ይከብድ ነበር።

እንግዲህ ተማሪ ናሙናውን ይዞ ላብ ሲገባ፣ ሌላ ሰው የጀመረው ሥራ መሃል ላይ ነው የሚገባው። ክርክሬ ከዚህ ይነሳል።

መቻራ ድረስ

ነገሩን ቦታ እንስጠው። ምዕራብ ሐረርጌ፣ ዳሮ ለቡ ወረዳ፣ መቻራ። ከዞኑ ዋና ከተማ ከጭሮ (ብዙ ሰው አሁንም አሰበ ተፈሪ ይላታል) ወደ ደቡብ መቶ ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል። ጭሮ ላይ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ድሮ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ነበር። መቻራ ላይ ደግሞ በኦሮሚያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የሐረር ቡና ምርምርም እዚያው ይካሄዳል፤ ለሐረርጌ ከተለቀቁት የተሻሻሉ የቡና ዝርያዎች አንዱ ስሙ ራሱ «መቻራ-1» ነው። የአካባቢው ገበሬ የሚኖረው በማሽላ፣ በቡና፣ በጫት፣ በለውዝ ነው። በአጭሩ፣ ማሳውና ምርምሩ ጎረቤታሞች ናቸው።

ማሳው ውስጥ ደግሞ አቀንጭራ አለች። ለማያውቃት ሰው ቆንጆ የዱር አበባ ትመስላለች፤ ሐምራዊ ናት። ለማሽላ ገበሬ ግን ሌባ ናት። ዘሯ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አንዲት ተክል በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ታራግፋለች፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ከአስር ዓመት በላይ ሳይሞት ሊተኛ ይችላል። የሚነቃው የማሽላ ሥር «ስትራይጎላክቶን» የሚባለውን ኬሚካል ሲያፈልቅ ነው። ማሽላው ይህን የሚያመነጨው ለእሷ ብሎ አይደለም። አፈሩ ፎስፈረስ ሲያንሰው፣ ከሥሩ ጋር ተስማምተው የሚኖሩና የሚረዱትን ፈንገሶች ለመጥራት ነው። ጥሪውን ጠላትም ይሰማል። አቀንጭራ ነቅታ ሥሩ ላይ ትጣበቃለች፣ ውሃውንና ምግቡን ትመጣለች፣ ማሽላው እንደ ስሙ ይቀነጭራል።

ይህን ምስጢር ከፈቱት ሰዎች መሃል ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አሉ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያገኙት በዚሁ በምሥራቁ አገር፣ በዓለማያ ኮሌጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። በኋላ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማፍለቃቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ጎብዬ እና አብሽር የሚባሉት በአገራችን የተለቀቁ ዝርያዎች ከዚህ ሥራ የመጡ ናቸው።

ለተማሪ የሚያጓጓው ግን ሽልማቱ ሳይሆን ዘዴው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 እሳቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት የመመርመሪያ ዘዴ የሚፈልገው ዕቃ በጣም ቀላል ነው። ፔትሪ ዲሽ ትወስዳለህ። እንደ ጄሊ የሚረጋ ነገር (አጋር ይባላል) ከውሃ ጋር አፍልተህ ትጨምርበታለህ። ለጥቂት ቀናት በሙቀትና በእርጥበት የተዘጋጀ የአቀንጭራ ዘር ትበትንበታለህ። ከዚያ የበቀለ ማሽላ ሥሩን ወደ ውስጥ አድርገህ ትተክላለህ። ከቀናት በኋላ በማይክሮስኮፕ አይተህ፣ የነቃችው የመጨረሻዋ የአቀንጭራ ዘር ከሥሩ ምን ያህል እንደምትርቅ በማስመሪያ ትለካለህ። ርቀቱ ረጅም ከሆነ ማሽላው ጮክ ብሎ እየተጣራ ነው። አጭር ከሆነ ዝምተኛ ነው፤ ዝምተኛውን ነው የምንፈልገው። ከዝምታው ጀርባ ያለው ጂን ማንነት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሞ ወጥቷል። ማስመሪያ የያዘ ሰው የሚሠራው ልኬት ዓለም አቀፍ ሳይንስ ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

አንዲት ተማሪ እንበል

አሁን አንዲት የአራተኛ ዓመት ተማሪ አለች እንበል። ስም አንሰጣትም፤ የትኛዋም ልትሆን ትችላለችና። ይህን ዘዴ መርጣለች። ምርጫዋ ብልህ ነው፤ ምክንያቱም የአካባቢው ረጅም ማሽላ ሚያዝያ ግድም ተዘርቶ የሚታጨደው ኅዳር አካባቢ ሲሆን፣ የእሷ ሴሚስተር ያን ያህል አይታገሥም። ዲሹ ግን ይታገሣታል።

መቻራ ወርዳ፣ በእግሯ ወደ አንድ ቀበሌ ወጥታ፣ አንድ ሽማግሌ ቤት ትደርሳለች። ሆጃ ይፈላላታል። ትጠይቃለች።

«ኦቦ፣ ከማሽላዎ ዘር ትንሽ ቢሰጡኝ? አቀንጭራን የሚችል እንደሆነ ላብ ወስጄ ላየው ነበር።»

«ስንት ይበቃሻል ልጄ?»

«አንድ እፍኝ።»

እሳቸው አንድ እፍኝ አይሰጧትም። ካሏቸው አራት ዓይነቶች ከእያንዳንዱ እፍኝ እፍኝ ያደርጉላታል፣ የእያንዳንዱንም ስምና ጠባይ ይነግሯታል። ይሄ ቶሎ ይደርሳል፣ ይሄ ለገንፎ ነው፣ ይሄን አባቴ ነው ያመጣው። እሷ ፖስታዎቹ ላይ «ና1፣ ና2፣ ና3፣ ና4» ብላ ትጽፋለች። አመስግና ትሄዳለች። ጥናቱ ይሠራል፣ ዲፌንስ ይደረጋል፣ ጋውን ይለበሳል። የመመረቂያ ጽሑፉ ተጠርዞ ላይብረሪ ይገባል።

ለሽማግሌው ምን አለባት?

ሕጉን ብንጠይቅ መልሱ ለስለስ ያለ ነው። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀምን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ለማኅበረሰቦች መብት ይሰጣል። ለአገር ውስጥ የመንግሥት ምርምርና ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ግን ቀለል ያለ ልዩ ፈቃድ ያዘጋጃል። ይህ ትክክል ነው፤ ማስመሪያ የያዘችን ተማሪ እንደ ውጭ ኩባንያ ማስጨነቅ አይገባም። ግን ሕግ ቀለል ያደረገውን ሸክም ኅሊናም የግድ ያቀለዋል ማለት አይደለም።

«ሰጡኝ እንጂ አላበደሩኝም»

የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። ሽማግሌው ዘሩን በፈቃዳቸው፣ በነጻ ሰጡ። የእኛ አገር ገበሬ ዘር መለዋወጥን ያውቅበታል። ዘር ያለቀበት ጎረቤት ተበድሮ በመኸር ይመልሳል፤ ዘመድ ለዘመድ ይሰጣል፤ የቀረው ገበያ ወጥቶ ይሸጣል። ሦስቱን አያምታታም። ይህ ስጦታ ነበር። ስጦታን ብድር ማለት ደግሞ ሰጪውን ማሳነስ ነው። «ማሽላ ልትመልሽልኝ ነው እንዴ?» ብለው ይስቁባታል።

እስማማለሁ፤ ለማሽላው ዕዳ የለባትም። ዕዳው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ተማሪዋ ምንም ሳትናገር መቻራ ገበያ ገብታ ያንኑ ዘር በጥቂት ብር ብትገዛ ኖሮ ለሻጯ ውጤት የመንገር ግዴታ አለባት የሚል ሰው አይኖርም። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «አቀንጭራን የሚችል እንደሆነ ላየው ነበር» የሚለው። ዘሩን ወሰደች፣ በምትኩ ጥያቄ አስቀምጣ ሄደች። ሽማግሌው ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሳቸው ውስጥ ሐምራዊ አበባ ባዩ ቁጥር ያቺ ልጅ ትዝ ትላቸዋለች። የተበደረችው የሰውየውን ተስፋ ነው።

ይህን ከተቀበልን ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የዕዳው መጠን የሚለካው በዘሩ ዋጋ ሳይሆን በተናገረችው ቃል ነው። «መድኃኒት ልናገኝ ነው» ብትል ኖሮ ልትከፍለው የማትችለው ዕዳ ውስጥ ትገባ ነበር። ስለዚህ የተመራማሪ ሥነ ምግባር የሚጀምረው ሪፖርት ሲጻፍ ሳይሆን ዘር ሲለመን ነው፤ ልክን አውቆ መናገር ነው። ሁለተኛ፣ ዕዳው የሚከፈለው በዓይነቱ ነው። ጥያቄ የተወው ሰው መልስ ይመልሳል። ብር፣ ስኳር፣ ሳሙና ይዞ መሄድ ደግነት ነው፤ ምስጋና ይሁን። መልስን ግን አይተካም።

«ምንም አላገኘሁም እኮ»

ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው። አራቱም ማሽላዎች ዲሹ ውስጥ ጮክ ብለው ተጣሩ እንበል፤ አንዱም ዝምተኛ አልሆነም። ተማሪዋ ታፍራለች። ምን ይዛ ትሂድ? «ኦቦ፣ ዘርዎ አይረባም» ልትል ነው?

እዚህ ላይ ትምህርት ቤት ያስለመደን ነገር ያሳስተናል። «ውጤት» ስንል ጥሩ ዜና ማለታችን ነው። ለገበሬ ግን «ይሄ መንገድ አያስኬድም» የሚል ዜናም ዋጋ አለው። ዘራቸው አቀንጭራን እንደማይችል ካወቁ፣ ተስፋቸውን ሌላ ቦታ ላይ ያደርጋሉ፦ አበባ ሳታወጣ መንቀል፣ ማሳውን ማፈራረቅ፣ ከምርምር ማዕከሉ ተከላካይ ዝርያ መጠየቅ። ይህን ሁሉ ከዚህ በፊትም ሰምተው ሊሆን ይችላል። አሁን ግን ስለ ሌላ ሰው ማሽላ ሳይሆን ስለ ራሳቸው ዘር ነው የሚሰሙት።

ደግሞ ያልተሳካ ጥናት ካልተነገረ ሌላ ጉዳት አለው። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ ወደዚያው ቀበሌ ወጥቶ፣ ያንኑ ዘር ለምኖ፣ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። ገበሬው ሦስተኛው ተማሪ ሲመጣ ሆጃውን ያፈላል፣ ዘሩን ይሰጣል፣ የሚያውቀውን ሁሉ ግን አይነግርም። ቢያደርግ አይፈረድበትም።

«ትንሽ ጥናት ነው፣ ሰው ቢያሳስትስ?»

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ነው፤ ምክንያቱም ከጥሩ ኅሊና የመጣ ነው። ዲሽ ማሳ አይደለም። ማሽላ አቀንጭራን የሚቋቋምበት መንገድ ዝምታ ብቻ አይደለም፤ ዲሹ ውስጥ የሚጮኽ ማሽላ ማሳ ላይ በሌላ መንገድ ሊቋቋም ይችላል። አራት ናሙና፣ አንድ ላብ፣ አንድ ሴሚስተር። ይህን ይዞ ሄዶ ገበሬን ማማከር አደጋ ነው። አንድ ሰው በተማሪ ወሬ ዘሩን ቢለውጥና ዝናብ ቢዘገይበት ማን ይጠየቃል?

መፍትሔው ዝም ማለት ግን አይደለም። ውጤት መመለስና ምክር መስጠት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ዘርዎን በዚህ መንገድ ለካሁት፣ ይህን አየሁ፣ ይህ የሚያሳየው ይህን ያህል ብቻ ነው፤ ምን ላድርግ ካሉ የልማት ሠራተኛውን ወይ የምርምር ማዕከሉን ይጠይቁ» ማለት ማንንም አያሳስትም። እንዲያውም የመመረቂያ ጽሑፎቻችን መጨረሻ ላይ ከሚሰለፉት «ሪኮሜንዴሽኖች» ይልቅ ሐቀኛ ነው። እዚያ ወረቀት ላይ፣ ገበሬው በማያነበው ቋንቋ፣ አራት ናሙና የለካ ተማሪ መንግሥት ምን ማድረግ እንዳለበት ይመክራል። ፊት ለፊት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አይደፍርም ነበር። ውጤትን ለባለቤቱ መመለስ ተማሪን ትሑት ያደርጋል። ፊትን እያዩ መዋሸት ይከብዳላ።

ቋንቋው ራሱ ፈተና ነው። ጥናቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ የመቻራ ገበሬ የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው፣ እኔ ይህን የምጽፈው በአማርኛ ነው። «ጀርሚኔሽን ስቲሙላንት» የሚለውን ቃል አሥር ጊዜ የጻፈ ተማሪ «ሥሩ የሚጠራበት ነገር» ብሎ ለእናቱ ማስረዳት ካልቻለ፣ ነገሩ ገብቶታል ማለት ይከብዳል። ከሦስት መምህራን ዲፌንስ የበለጠ ጥብቅ ፈተና ይህ ሊሆን ይችላል።

«ና3»

ፖስታው ላይ ወደ ተጻፈው ኮድ እንምጣ። ሽማግሌው ስም ነገሯት፤ እሷ «ና3» ብላ ጻፈች። ለላብ ሥራ ኮድ ያስፈልጋል፤ ችግሩ ስሙ ኮዱ አጠገብ ሳይጻፍ ሲቀር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ማሽላ ሲመረምሩ፣ ላይሲን የተባለውን ለሰውነት የሚያስፈልግ የፕሮቲን ክፍል ከተለመደው ማሽላ አብልጠው የያዙ ሁለት ዓይነቶች አገኙ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ፣ ከወሎ የሄዱ ነበሩ። ግኝቱ ትልቅ ነበር፤ የማሽላ አንዱ ድክመት የላይሲን ማነስ ነውና። በአገራችን በላይሲን የበለጸጉ ማሽላዎች ከሚጠሩባቸው ስሞች አንዱ ግን «ወተት በጉንጬ» ነው። ኬሚስትሪ ያልተማረ ሰው እሸቱን ቀምሶ፣ ከሌላው እንደሚለይ አውቆ፣ የሚያስታውሰውን ስም ሰጥቶታል። ስሙ የመጀመሪያው ዳታ ነው። «ና3» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ገበሬውን ብቻ ሳይሆን ሳይንሱንም ይጎዳል፤ ከልኬቱ በፊት የተለካውን ይጥላል።

ቡናም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች በተፈጥሮው ካፌይን የሌለው ሊባል ጥቂት የቀረው የአረቢካ ቡና ማግኘታቸውን «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አሳወቁ። ዛፎቹ የበቀሉት እ.ኤ.አ. በ1964 በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ተልዕኮ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ ዘር ነው። ዓለም የሚያውቃቸው በኮድ ነው፦ ኤሲ1፣ ኤሲ2፣ ኤሲ3። ፊደሎቹ የአንድ ታላቅ ብራዚላዊ የቡና ተመራማሪ ስም መነሻ ናቸው። ፍትሐዊ እንሁን። ብራዚሎቹ ዘሩን ለረጅም ዓመታት ጠብቀዋል፣ ሦስት ሺህ ያህል ዛፍ አንድ በአንድ መርምረዋል፣ የዘሩንም አገር አልደበቁም። ሥራቸው ይከበራል። ግን ኮድ ምን እንደሚያስታውስና ምን እንደሚረሳ ከዚህ እንማራለን።

ስለ ጤፍ ደግሞ ሰምታችኋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ ተቋማት ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ፈረሙ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው፤ በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን በሌሎች እጅ ቆየ። በ2018 የሔግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ በኔዘርላንድ ዋጋ የለውም አለ፤ የፈጠራ እርምጃ አላየበትም። ያ ክርክር ያረፈው ወረቀት ላይ ነው፦ ቀድሞ ማን ምን ያውቅ ነበር፣ የትስ ተጽፏል። ላይብረሪ ውስጥ አቧራ የሚጠጣ የመመረቂያ ጽሑፍ የገበሬውን የዘር ስም፣ ቀበሌውንና የነገሩትን ጠባይ በትክክል ከመዘገበ፣ አንድ ቀን «ይሄን እነሱ ያውቁት ነበር» የሚል ምስክር ሊሆን ይችላል።

የሰጪው የራሱ ስም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። «ስምዎን ልጻፈው ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። እሺ ያለ ይጻፋል፣ እምቢ ያለ አይጻፍም።

ክቡ ውስጥ ያልገባው ሰው

በዚህ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ትልቁ መድረክ አይጀም የሚባለው ዓለም አቀፍ ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ኤምአይቲ ውስጥ በአንድ ወር ኮርስ ተጀምሮ፣ በ2004 በአምስት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ውድድር ሆነ። ተማሪዎች የተዘጋጁ የዲኤንኤ ክፍሎችን ከጋራ መዝገብ ይወስዳሉ፣ አዲስ የሠሩትን ደግሞ ወደ መዝገቡ ይመልሳሉ። ውሰድ፣ መልስ፣ አካፍል ነው መርሁ። ሥራቸው ለሰው ይበጅ እንደሆነ ከላብ ውጭ ካለ ሰው ጋር መነጋገራቸውም ይዳኛል።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት «ይህማ የገበሬ ሕግ ነው» ብዬ ነው። ዘር ተበድሮ በመኸር መመለስ ማለት ነው። ልዩነቱ የክቡ ስፋት ላይ ነው። መዝገቡ ውስጥ የሚመላለሱት ከላብ ወደ ላብ ነው። የእኛ አገር ተማሪ ዕቃ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ከጎተራ ነው። ክቡ ካልሰፋ በስተቀር የገዛ ልማዳችንን ከውጭ በእንግሊዝኛ ተምረን፣ ሰጪውን ግን ውጭ እናስቀራለን።

ማን ይክፈል?

እስካሁን ሁሉንም ነገር አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ጭኛለሁ። ይህ ፍትሕ አይደለም። ከጭሮ መቻራ ደርሶ መልስ ትራንስፖርት አለ፣ ማደሪያ አለ፣ ከተመረቁ በኋላ ደግሞ ሥራ ፍለጋ አለ። «ውጤት መመለስ የሥነ ምግባር ግዴታ ነው» ብሎ ለተማሪ መናገር ቀላል ነው፤ ኪሷን ማየት ግን ይቀራል። ደካማው ላይ ብቻ የተጣለ ግዴታ ውሎ አድሮ የወረቀት ጌጥ ይሆናል።

ደግነቱ ተስፋውን የተበደረችው ብቻዋን አይደለም። ደብዳቤ ጽፎ የላካት ዲፓርትመንት አለ፣ ርዕሱን ያጸደቀ አማካሪ አለ። ሽማግሌው በር የከፈቱት ለእሷም ለዩኒቨርሲቲውም ነው። ስለዚህ ዕዳው የጋራ ነው። እሷ የምትችለው አንድ ገጽ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ፣ መጻፍ ነው። ተቋሙ የሚችለው ያንን ገጽ ወደ ቀበሌው የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ማድረስ፣ በልማት ሠራተኛው በኩል ማስነበብ፣ ከተቻለም ተማሪዋን አንድ ቀን መልሶ መላክ ነው። ዲፌንስ ላይም «ሳምፕል ሳይዝሽ ለምን አነሰ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ዘሩን ለሰጡሽ ሰዎች ምን ነገርሻቸው?» ተብሎ ቢጠየቅ ምን ይጎዳል? ነጥብ ያለው ጥያቄ ቢሆን ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ልማድ ይሆናል።

አማካሪዎች ጊዜ እንደሌላቸው አውቃለሁ። አንድ መምህር ብዙ ተማሪ ይይዛል። ግን አንድ ገጽ ነው የምንለው።

ቀኑ መቼ ነው?

ብድር ከሆነ የመመለሻ ቀን ያስፈልገዋል። እኛ ተማሪዎች ቀን የምንቆጥረው በአካዳሚክ ካሌንደር ነው፤ ፕሮፖዛል፣ ዳታ፣ ድራፍት፣ ዲፌንስ፣ ምርቃት። ሰኔ ላይ ሁሉም ያልቃል። የማሽላ ካሌንደር ግን ሌላ ነው። መቻራ ላይ ማሽላ የሚዘራው ሚያዝያ ግድም ነው። ገበሬው የትኛውን ዘር እንደሚያወርድ የሚወስነው ከዚያ በፊት ነው። በመጋቢት የደረሰ አንድ ገጽ አንድ ማሳ ላይ የሚደረግ ውሳኔ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በሐምሌ የደረሰ ያው አንድ ገጽ፣ ያው ቁጥር፣ ማሽላውም አቀንጭራውም ከበቀሉ በኋላ ይደርሳል።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ፕሮፖዛል የምትጽፉ ልጆች፣ የጊዜ ሰሌዳ የሚሞላበት ሠንጠረዥ ላይ ስትደርሱ አንድ ረድፍ ጨምሩ። ዘሩ፣ ቡናው፣ ለውዙ፣ ቅጠሉ የሚመጣበት ቦታ መቼ እንደሚዘራ ጠይቁና ጻፉት። ልኬታችሁ ከዚያ በፊት የሚያልቅ ከሆነ ሳይጠረዝ፣ ሳይጸድቅ፣ «ገና አላለቀም» ተብሎም ቢሆን ወደ ሰጪው ይድረስ። የማያልቅ ከሆነ ደግሞ ዘሩን ስትለምኑ ያኔውኑ ንገሯቸው፦ «ለዘንድሮ አይደርስልዎትም ኦቦ፣ ለከርሞ ነው።» ይህን ከነገራችኋቸው ተስፋቸውን በልኩ ያደርጋሉ፣ እናንተም መመለስ የምትችሉትን ያህል ብቻ ትበደራላችሁ።